ዘጌ ላይ የቱን መንገድ እንያዝ? ለደከመ ጉልበትም፣ ለማያርፍ ልጅም፣ መራመድ ለሚወድም

«ዘጌ ለእናቴ ይሆናል ወይ?» ባሕር ዳር እንግዳ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ፣ ጣና ላይ ስላለው ስለዚህ የገዳማት ባሕረ ገብ መሬት ይህን ይጠይቃል። ይሆናል። ግን የት እንደምትወርዱና ከወረዳችሁ በኋላ የቱን አቅጣጫ እንደምትይዙ ይወስነዋል። ባለጀልባው ካልነገራችሁት በስተቀር ሁሉንም ሰው ቀጥ አድርጎ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ነው የሚመራው፤ ስሟ የወጣ እሷ ናትና። ስሟ ስለወጣ ግን ለሁሉም ጉልበት ትመቻለች ማለት አይደለም።

ለቸኮለ ሰው አጭሩ መልስ ይኸው። ከዘራ የያዘ ወይም ጉልበቱን የሚያመው ሰው ካለ፦ አዝዋ ማርያም። ልጆችና ወጣቶች ካሉና አንድ ቦታ ብቻ የምታዩ ከሆነ፦ ዑራ ኪዳነ ምሕረት። ግርግር የማይወድ፦ በትረ ማርያምና መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ። እግሩን ማፍታታት የሚፈልግ፦ ከትንሿ ከተማ ከአፋፍ ተነስቶ በጫካው ውስጥ። ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ካለ ዘጌን ተዉትና ወደ መጨረሻው ውረዱ፤ እዚያ ሌላ ሐሳብ አለ።

አሁን ረጋ ብለን እንየው።

መሬቱ ምን ይመስላል?

ዘጌ በጣና ደቡባዊ ክፍል ወደ ውኃው የገባ ምላስ መሬት ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የዘጌ ከፍተኛው ቦታ ደግሞ 1,975 ሜትር ገደማ። ስለዚህ ተራራ የሚባል ነገር የለም። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው እንዲያውም አየሩ ይቀለዋል።

ሌላ ገጠር ከምታውቁት የሚለየው ጥላው ነው። የዘጌ ሰው በሬ ጠምዶ አያርስም። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ፤ «እነዚህን እየለቀማችሁ ኑሩ፣ መሬቱን አትረሱ» ብለዋል ተብሎ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲነገር ኖሯል። ማረሻ ስላልገባበት ጫካው ተረፈ። ትልልቁ ዛፍ ከላይ፣ ቡናው ከሥር። የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ዘጌም በዚያው ውስጥ ገብቷል። ለእግረኛ ትርጉሙ ምንድነው ካላችሁ፣ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ፀሐይ አናት ላይ አትወጣም። በሌላ በኩል መንገዱ ሥር በሥር ነው። የዛፍ ሥር ተሻግሮ ተኝቷል፣ ጥቁር ድንጋይ ብቅ ብቅ ይላል፣ ቅጠሉ ደግሞ ሁለቱንም ይሸፍናቸዋል። ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ መንገድ ስትመርጡ «ስንት ደቂቃ ነው?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። ዘጌ ላይ ሰው የሚያስቸግሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ከጀልባ መውረድ፣ ድንጋይ ድንጋይ የሆነው ዳገት፣ ከዚያም የመልሱ ቁልቁለት። የጉልበት ሕመም ያለው ሰው ያውቀዋል፣ ከመውጣት መውረድ ይብሳል።

አዝዋ ማርያም፦ ለአረጋዊና ለነፍሰ ጡር

የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይህ ነው፤ ለምን ሁለተኛ እንደሚደረግ አይገባኝም። ከጀልባ ማረፊያው የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ዳገቱ ያን ያህል የሚያስተነፍስ አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፣ መቅደሱ በሥዕል ተሸፍኗል፣ ግቢው ሰፊና ጥላ ያለው ስለሆነ ቁጭ ብሎ ሰው መጠበቅም ይቻላል።

ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። ወደ ዑራ የሚወጣውም መንገድ የሚነሳው ከዚሁ አካባቢ ነው። ስለዚህ ቤተሰብ ሳይጣላ መለያየት ይችላል። እማማ አዝዋ ላይ ተሳልመው፣ ጥላ ይዘው ቁጭ ይላሉ። ልጆቹ ወደ ዑራ ወጥተው ይመለሳሉ። «እኔን ተዉኝና ሂዱ» የሚሉ እናት ሁሉ በዚህ መንገድ ሳይከፋቸው ይቀራሉ፤ ከጀልባው ላይ ብቻቸውን ከመተው ጋር አይገናኝም። አንድ ሰው ግን አብሯቸው ይቅር። ቢያንስ ስልክና ውኃ ይዞ።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት፦ ታዋቂዋ፣ ዳገት ያላት

ከማረፊያው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያስኬዳል። ይህ ለጤነኛ ሰው ነው። ቀስ ለሚል ሰው እጥፍ አድርጉት፣ ምንም ነውር የለውም። መንገዱ ሰፊና የተረገጠ ነው፤ መጥፋት የሚባል ነገር የለም። ግን ዳገት ነው፣ ድንጋዩም በሰው እግር ብዛት ለስልሶ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል።

ግራና ቀኙን ሻጮች ደርድረዋል። ከደንገል የተሠሩ ትንንሽ ታንኳዎች፣ ብራና ላይ የተሣሉ ሥዕሎች፣ መስቀል፣ ነጠላ፣ የዘጌ ቡና። ብዙ ሰው «ይህ ሁሉ ሱቅ መንገዱን አበላሸው» ይላል። ለወጣት እውነት ሊሆን ይችላል። ዳገት ለሚከብደው ሰው ግን እነዚህ ሱቆች ማረፊያ ናቸው። አንዱ ጋ ቆም ብሎ መስቀል ማየት፣ ሌላው ጋ ዋጋ መጠየቅ፣ በርጩማ ከተሰጠ ቁጭ ማለት። ትንፋሹ ያጠረው ሰው «ደከመኝ» ሳይል እየገበያየ ይወጣል። ቡና የምታፈላ ሴት ካጋጠመቻችሁ አትለፏት። ከፊት ለፊቷ ያለውን ቡና ከራሷ ጓሮ ለቅማ፣ በምንጣፍ አስጥታ ያደረቀችው ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለ ቡና ከተማ ውስጥ በየት ይገኛል?

ከላይ የሚጠብቃችሁ ድካሙን ያስረሳል። የመቅደሱ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ ሥዕል ነው። ሕፃናት ካሉ አንድ ሥዕል ፈልጋችሁ አሳዩአቸው፦ በላዔ ሰብን። ያ ሰው በላ ለተጠማ ሰው በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጥቷል። ሲሞት ሚዛን ላይ ይቀርባል። በአንድ ወገን የበላቸው ሰዎች፣ በሌላው ወገን ያቺ ጥርኝ ውኃ፤ እመቤታችን ጥላዋን ስታሳርፍበት ሚዛኑ ወደ ውኃው ያደላል። ልጅ ታሪኩን ከሰማ በኋላ ሌሎቹንም ሥዕሎች «ይሄስ ማን ነው?» እያለ ይዞራል። ከአንበሶችና ከነብሮች መሐል የቆሙትን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ማንም ሳያሳየው ያገኛቸዋል።

ችግሩ መመለሻው ነው። ጉልበቱ የሚያመው ሰው ሲወጣ «ደህና ነኝ» ብሎ፣ ሲወርድ ነው የሚያቃስተው። ዱላ ከታች ይዛችሁ ውጡ፣ ከላይ አትፈልጉ። ሲወርዱም ፊት ለፊት የሚሄድ አንድ ጠንካራ ሰው ይኑር። ከኋላ ሆኖ ክንድ መያዝ ብዙም አያግዝም፤ ከፊት ሆኖ ትከሻ መስጠት ይሻላል።

በዓል ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል ስለሆነ ሕዝቡ ይጎርፋል። ለማክበር ከሆነ ደስ ይላል፤ ለመራመድና ሥዕል ለማየት ከሆነ ግን ሌላ ቀን ምረጡ። በየወሩም 16 ቀን ሰው ይበዛል።

በትረ ማርያምና መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ፦ ጸጥታ ለሚወድ

እነዚህ ሁለቱ ተጎራባች ናቸው፤ የራሳቸው ማረፊያ አላቸው። ከውኃው ብዙም ስለማይርቁ መንገዱ አጭር ነው፣ ትንሽ ዳገት ግን አለው። እዚህ የሚመጣው ሰው ከዑራ በጣም ያነሰ ነው። ሻጭም ብዙ የለም። የሚሰማው ወፍና የገዳሙ ሰው ድምፅ ነው። ትልቅ ምንቃር ያለውን፣ ሲበር ክንፉ እንደ ወናፍ የሚነፋውን ወፍ እዚህ ጸጥታው ውስጥ ከሩቅ ትሰሙታላችሁ። ጦጣም አለ፤ ምግብ በእጃችሁ ይዛችሁ አትዙሩ።

ከአዝዋ ጋር ሳወዳድረው፣ ለደካማ ሰው ሁለቱም ይሆናሉ። የማረፊያው ነገር ግን ይለያያል። ስለዚህ ባለጀልባውን አስቀድማችሁ «አሁን ውኃው የት ደርሷል? መውረጃው ስንት እርከን ነው?» በሉት። ጣና ክረምቱ ሲያልቅ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይጎድላል። ውኃው ሲጎድል ጀልባው ዝቅ ይልና ወደ ድንጋዩ የምትወጡት እርምጃ ከፍ ይላል። ለወጣት አንድ ዝላይ ነው፣ ለሰባ ዓመት እናት ግን የቀኑ ከባዱ ነገር እሱ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ነገር ማየት የምትፈልጉና ሰው የሚያሰለቻችሁ ከሆነ፣ ከዑራ ይልቅ ወደዚህ ኑ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ እንግዳ ካለ ግን ዑራን አሳጥታችሁት ከሄደ ይወቅሳችኋል።

ከአፋፍ በእግር፦ መራመድ ለሚወድ

አፋፍ የዘጌዋ ትንሽ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር በመኪና ይመጣል። ከዚያ ወደ ገዳማቱ በጫካው ውስጥ መሄድ ይቻላል፤ ወደ ዑራ ለመድረስ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ያስኬዳል። ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ የሚያደክም ዳገት አይደለም። ለማንኛውም መራመድ ለሚችል ሰው ይሆናል፣ ለአሥር ዓመት ልጅም ጭምር።

ከሁሉም የምወደው ይህንኑ ነው፣ አልደብቅም። በጀልባ የሚመጣ ሰው ቤተ ክርስቲያን አይቶ ይመለሳል፤ በእግር የሚመጣ ግን መንደሩን ያያል። የቤቱ ደጅ ላይ የተሰጣ ቡና፣ ጌሾ የተሸከመች ሴት፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቡናው ቀልቶ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ይንዠረገጋል። አትቁረጡ። ጫካ ይመስላል እንጂ እያንዳንዱ ዛፍ ባለቤት አለው።

መንገዱ ብዙ ቦታ ይከፈላል፣ ምልክትም የለው። የአካባቢ ልጅ ይዛችሁ ሂዱ፣ ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ይቅርባችሁ፤ ጭቃው ጫማ ያስቀራል።

አንድ ብልሃት አለ፦ በእግር ሄዶ በጀልባ መመለስ። ወጣቶቹ ከአፋፍ ይራመዳሉ፣ አረጋውያኑ በጀልባ ይመጣሉ፣ አዝዋ ላይ ይገናኛሉ፣ ሁሉም አብሮ በጀልባ ይመለሳል። ትንሽ ስልክ መደዋወል ይጠይቃል፤ ኔትወርኩ ደግሞ አንዳንዴ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሰዓቱን ቀድማችሁ ቁረጡ።

ይጋንዳ ተክለ ሃይማኖትም በዚሁ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ነው። ገለል ያለ ነው፤ ጊዜና እግር ለተረፈው።

ጀልባ ወይስ መኪና?

በጀልባ ከባሕር ዳር ዘጌ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ እንደ ሞተሩ ጉልበት። ጣና ጠዋት ይተኛል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ጀልባውን ያንገላታዋል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነሱ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ ብዙ አትቆዩ። የሚያዞረው ሰው ካለ ይህ ምክር የግድ ነው። የሕይወት ጃኬት ለሁሉም ሰው መኖሩን ሳትሳፈሩ እዩ፤ «አለ» ሲሏችሁ «አሳየኝ» በሉ። ለሕፃን ልክ የሚሆን ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ወገብ የሚያመው ሰው ካለ ግን ጀልባው ወይ መኪናው የሚለው እኩል ነው ማለት ይቻላል። ጀልባ ላይ ወንበሩ ደረቅ ነው፤ በመኪናው ደግሞ ከወረዳችሁ በኋላ የሚጠብቃችሁ እግር ነው። ለአረጋዊ እኔ ጀልባውን እመርጣለሁ፤ ትራስ ነገር ይዛችሁ።

በየትኛውም ብትሄዱ፣ መንገዱ ክፍትና ሰላም መሆኑን በዚያው ሳምንት ባሕር ዳር ውስጥ ያለ ሰው ጠይቁ። ባለፈው ዓመት የሄደ ሰው የነገራችሁ አይበቃም።

ሰዓቱንና ቀኑን የሚወስነው ቅዳሴ

ይህን ብዙ ጎብኚ ይረሳዋል። በጾም ቀን ቅዳሴው እኩለ ቀን ገደማ ነው የሚገባው። ቅዳሴ ላይ ሥዕል አያለሁ ብሎ መዞር የለም። ስለዚህ በጾም ወቅት ጠዋት ሄዳችሁ ከቀትር በፊት ጨርሱ፤ ከሐይቁ ነፋስም ጋር ይስማማላችኋል። ማስቀደስ ለሚፈልግ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ እሱ ቅዳሴውን ጠብቆ ይምጣ፣ መመለሻው ግን እንደሚዘገይ ይወቅ።

ሴት ያለችበት ቡድን ሌላም ነገር ያስብ። በዘጌ ከላይ ወደጠቀስኳቸው አብያተ ክርስቲያናት ወንድም ሴትም ይገባል። አጠገቡ ባለው ክብራን ገብርኤል ደሴት ግን ሴት አትገባም፤ ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ። ባለጀልባው «መንገዳችን ላይ ነው፣ ክብራንንም እንይ» ሲል ግማሹ ሰው ጀልባ ላይ ተቀምጦ እንደሚጠብቅ አስሉ።

የሚያዝ ነገር

ጫማ፦ ሶሉ የሚይዝ ሸራ ጫማ ይበቃል። ነጠላ ጫማ አይሆንም፣ ሥሩ ላይ ጣት ትመታላችሁ። ግን በየቤተ ክርስቲያኑ ስለሚወለቅ፣ ጎንበስ ማለት ለሚከብደው ሰው ማሰሪያ የሌለው ይሻላል። ካልሲ አድርጉ። ቁንጫ አለ፣ ማንም አይነግራችሁም እንጂ።

ነጠላ፣ ውኃ፣ ዝርዝር ብር። እያንዳንዱ ገዳም መግቢያውን ለየብቻ ይቀበላል፤ ለኢትዮጵያዊ የሚከፈለው ከውጭ ዜጋው ያንሳል። ከአሜሪካ ወይም ከእስራኤል የመጣ ዘመድ አብሯችሁ ካለ መታወቂያውን ሲጠይቁት አይገረም።

ልጆች ሙቀቱ ሲበዛባቸው ውኃው ዳር እግራቸውን መንከር ይፈልጋሉ። አይሆንም። ጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለ። አመሻሹ ላይ ደግሞ ወባ ስላለ እጅጌ ያለው ልብስ አይጥፋ።

ዘጌ የማይሆንለት ሰው ካለ

ዊልቸር በዘጌ ምንም መንገድ ላይ አይሄድም። «እንሸከማለን» የሚሉ ጎረምሶች ይመጣሉ፤ ደግ ሐሳብ ነው፣ ግን በዚያ ድንጋይና ሥር ላይ ለተሸካሚዎቹም ለሚሸከሙት ሰውም አደጋ ነው። ከዚያ ይልቅ እዚያው ባሕር ዳር የሐይቁ ዳር ያለው የእግረኛ መንገድ ሜዳ ነው፣ ንጣፍ አለው፣ ዛፍ አለው። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ጣናን እያዩ መንሸራሸር ይቻላል። ቤዛዊት ኮረብታም መኪና እስከ ላይ ይወጣል፤ ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሲጠማዘዝ ከዚያ ይታያል።

ትንሽ መራመድ ለሚችል ግን ዘጌ ለራቀበት ሰው፣ ጢስ ዓባይም አለ፣ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። እዚያም የመንገድ ምርጫ አለ። አንደኛው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በ17ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ በኩል ነው፦ ታሪክ አለው፣ ግን ቁልቁለትና ዳገት። ሁለተኛው ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በጀልባ ተሻግሮ በእርሻ መሐል የሚኬድ ነው፦ ሜዳ፣ አጭር፣ ለሁሉም። ከቤተሰብ ጋር ከሆናችሁ ሁለተኛውን ያዙ፣ ድልድዩን ወጣቶቹ ይዩት። ጥላ ግን የለም፣ ጃንጥላ ያዙ። ውኃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ፏፏቴው ቀጭን ክር ሆኖ ነው የምታገኙት። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ከሆነ ግን ሂዱ።

ከባለጀልባው ጋር ስትነጋገሩ ዋጋውን በሰው ሳይሆን በጀልባ ቁረጡ፣ የመጠበቂያ ሰዓቱንም ጨምራችሁ። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ይዛችሁ «ሁለት ሰዓት ይበቃችኋል» ከተባላችሁ አትስማሙ፤ ሦስት በሉ።